ከብረት በሩ ፊት የቆሙት አራቱ

ሴትዮዋ መነጽር ሠሪ ናት። ሐኪም የለካውን የዓይን ልክ ትቀበልና መስታወቱን በሞረድ ማሽን ጠርዝ ጠርዙን እያስበላች ከፍሬሙ ጋር ታገጣጥማለች። ባሏ ሞቶ ወደ ሥራ የተመለሰች ዕለት ባልደረቦቿ ምን እንደሚሏት ግራ ገብቷቸው በዳር በዳሩ ሲያልፏት ዋሉ። እሷ ግን መስታወቷን ሞረደች፣ አጠበች፣ ወደ ብርሃን አንሥታ አየች። አንድም አልሰበረችም።

«ይቺ ልጅ ልቧ ድንጋይ ነው እንዴ?» ብላ አንዷ ስታንሾካሹክ ሰማቻት። አልከፋትም። ልቧ ድንጋይ አልነበረም፤ ጥርሱን ሊነቀል ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ከንፈሩን ሲነካው የራሱ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ለእሷም ሁሉ ነገር እንደዚያ ነበር። እንዳለ ታውቃለች፣ ግን አይሰማትም።

ባሏ የመሬት ቀያሽ ነበር። አንድ ረፋድ ላይ በመለኪያው መነጽር አጎንብሶ ሲያይ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰና በዚያው ቀረ። ቀስ ያለ ሰው ነበር፣ ነገሩን ሁሉ ለክቶ የሚሄድ። ታናሽ ወንድሙ፣ የእሷ ዋርሳ፣ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ በሞተር ሳይክል ዕቃ ያደርሳል፣ ቆሞ ይበላል፣ ሰፈሩ በሙሉ «ችኮላ» እያለ ነው የሚጠራው። ከባልና ሚስቱ ጋር የምትኖረው እናታቸው «ሁለቱን አንድ ሆድ ተሸከማቸው ብል ማን ያምነኛል?» ትል ነበር።

ወንድማማቾቹን የሚያጣላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጌም።

ባልየው የሚወደው የድሮ ጌም ነው። ሥዕሉ የደበዘዘ፣ ሰዎቹ ከላይ ሲታዩ ጉንዳን የሚያካክሉ፣ ግማሹ ንባብ የሆነ ጌም። እዚያ ውስጥ የሚዘምተው አንድ ሰው ሳይሆን ጓድ ነው፤ አራት ሰው አብሮ ይሄዳል፣ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ጠላት ሲመጣ ሁሉ ነገር ቀጥ ይላል። ያኔ ለእያንዳንዱ በየተራ ምን እንደሚያደርግ ትነግረዋለህ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሰይፉ የሚነሣው። ባልየው አራቱን በቤተሰቡ ስም ሰይሟቸው ነበር። እናቱን ከራስ እስከ እግሯ ብረት አልብሶ ከፊት አቆማት። ወንድሙ ጣቱ ቀልጣፋ ነውና ቁልፍ ከፋች ሆነ። ሚስቱ እሳት የምትወረውር አስማተኛ ሆነች። ራሱን ደግሞ ከሁሉ ኋላ የሚሄድ፣ የቆሰለውን የሚያክም ፈዋሽ አደረገ።

እናቲቱ ጌም የሚባል ነገር አይገባትም፤ ሆኖም ልጇ ከሥራ ሲመለስ «ዛሬስ ማንን ጣልኩ?» ማለቷ አይቀርም ነበር። እሱም «ሁለት ራስ ያለው ግዙፍ ጥለዋል እማማ፣ በጋሻዎ ነው የደፉት» ይላታል። እሷም «ጎሽ» ብላ ወደ ሥራዋ።

ችኮላ ይሄን ሲሰማ ራሱን ይይዛል። «ይሄ ጌም ነው ስብሰባ? ጠላት ሰይፍ መዞ ቆሞ እናንተ አጀንዳ ታጸድቃላችሁ!»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። እናንተ ስትማከሩ ግን አንበሳው አርጅቶ ይሞታል። የኔን እየው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ሰይፍ፣ ምታ ስትለው ይመታል።»

«እሱማ የጣት ነው» ይላል ባልየው ሳይቆጣ። «ጣትህ ፈጠነ እንጂ አንተ ምን ወሰንክ? ደግሞ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ሚስቲቱ ከማንኛቸውም ወገን አልነበረችም። ከባሏ ጎን ቁጭ ብላ «እሳቱን አሁን ልወርውር ወይስ ይቆይ?» ተብላ መጠየቅን ግን ትወድ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ችኮላ እግሩ ከቤቱ አልጠፋም። ይመጣል፣ የፈረሰውን የመስኮት መዝጊያ በሚስማር ይመታል፣ አምፖል ይቀይራል፣ ለእናቱ መድኃኒት ያመጣል፣ ይስቃል፣ ያሥቃል፣ ሳይቀመጥ ይወጣል። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ የራሱን የጌም ማሽን በላስቲክ ጠቅልሎ መጣና ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው።

«እትዬ፣ ቁጭ በይ እስቲ። ይሄ ጭንቀት ያስረሳል።»

«አልተጨነቅሁም እኮ።»

«እሺ፣ ሳትጨነቂ ተጫወቺ።»

ጆይስቲኩን እጇ ላይ አኖረላት። ስክሪኑ ላይ ካባ የለበሰ ተዋጊ ጀርባውን ሰጥቷት ቆሟል። ዝናብ ይዘንባል፤ ካባው ሲረጥብ ያስታውቃል፤ ጭቃው ላይ ዱካው ይቀራል። ከባሏ ጉንዳኖች ጋር ሲተያይ ሰማይና ምድር ነው።

«እዚህ ማንም አያማክርሽም» አላት ችኮላ ቆሞ። «ሲመጣብሽ ተንከባለይ፣ ከዚያ ምቺው። በቃ። ከሞትሽም ግድ የለም፣ እዚያው ትነሻለሽ።»

ተንከባለለች። መታች። ሞተች። ተነሣች። መስታወት የለመደ እጅ ልኩን ቶሎ ያውቃል፤ ጭራቁ ክንዱን መቼ እንደሚያነሣ ጣቷ ከእሷ በፊት ያውቅ ጀመር። ችኮላ «እንዴ! ይቺ ሴት ተደብቃ ኖራለች!» እያለ አጨበጨበ።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን አስቀምጣ እሱን መጫወት ለመደች። ደስ ብሏት አልነበረም፣ አልጠላችውምም። ተስማማት። የሚያስፈልገው ዓይንና ጣት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ውስጧ ያለውን ሰው ማንም አይፈልገውም። ስክሪኑ ጠቁሮ «ሞተሃል» ሲል፣ ደግሞ ሲበራ፣ ተዋጊው ሁሌ ከሚነሣበት እሳት አጠገብ ብድግ ሲል፣ እሷ ትንፋሿ እንኳ አይለወጥም ነበር። መሞት እዚያ ውስጥ እንደ ማስነጠስ ነው።

እናቲቱ ከኋላዋ ተቀምጣ ታያት ነበር። አንድ ቀን ጠየቀች፦

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ብቻውን ነው እንዴ የሚዞረው?»

«ብቻውን ነው እማማ።»

«ዘመድ የለውም?»

«አንዳንዴ አንድ አብሮት የሚሄድ ሰው ያገኛል። ግን አይታዘዝም፤ በራሱ ሐሳብ ነው የሚመታው። ቢቀርም መንገዱ አይቆምም።»

እናቲቱ ጥቂት አሰበች። «ታዲያ እኔስ?» አለች። «ያቺን ብረት ለባሿን የት ጣላችኋት?»

ምራቲቱ ጆይስቲኩን እንደያዘች ቀረች። ጭራቁ መጥቶ ተዋጊውን መታው፤ አልተንከባለለችም። ስክሪኑ ጠቆረ።

«የትም አልጣልናትም» አለች። «እዚያው ናት።»

በሚቀጥለው እሑድ የባሏን አሮጌ ኮምፒውተር አቧራውን ጠርጋ ከፈተችው። ችኮላም መጣ፤ የሞተር ቆቡን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጠ። እናቲቱ መሃላቸው ሆነች። ኮምፒውተሩ እያቃሰተ፣ እያጉረመረመ ተነሣ። ጌሙ ባልየው ካቆመበት ቦታ ተከፈተ።

አራቱ በዋሻ ውስጥ ከአንድ ትልቅ የብረት በር ፊት ቆመዋል። ባልየው ነገሩን አሰናድቶ ነው የተወው፤ ማንም ቁስል የለበትም፣ መድኃኒቱ ለአራቱም ተከፋፍሏል፣ ብረት ለባሿ ከፊት፣ ፈዋሹ ከኋላ። ካቆማቸው ቀን ጀምሮ አንዲት ጋት አልተንቀሳቀሱም።

«ልጄ የቱ ነው?» አለች እናቲቱ።

ችኮላ በጣቱ አመለከታት። ነጭ ልብስ የለበሰች አንዲት ነጥብ፣ ፈዋሹ።

«እንግባ በቃ» አለ ወዲያው። «በሩን እኔ እከፍተዋለሁ፣ እትዬ እሳቷን ትወረውራለች፣ እማማ ከፊት።»

«ፈዋሹንስ ማን ያዘዋል?» አለች ሴትዮዋ።

ማውሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ችኮላ እጁን ሰደደና መልሶ የቆቡን ማሰሪያ ያዘ።

«ከበሩ ወዲያ ገብቶ ይጎዳል ወይ?» አለች እናቲቱ።

«ሊጎዳ ይችላል» አለቻት ሴትዮዋ።

«እንግዲያማ አይግባ።»

«እማማ፣ ያለ ፈዋሽ ከገባን እኮ ተበላን ማለት ነው!» አለ ችኮላ።

«እንበላ» አለች እናቲቱ። «እኔ ብረት ለብሻለሁ።»

ሴትዮዋ ማውሱን ወሰደች። አራቱን ከዋሻው አወጣቻቸው፤ ተራራውን ወርደው፣ ድልድዩን አልፈው፣ ከተማ ገቡ። ችኮላ በመንገዱ ርዝመት ወንበሩ ላይ ሲቁነጠነጥ ወንበሩ ተንቋቋ። ከተማው ውስጥ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አለ፤ ከጓዱ አንዱን እዚያ ማሳረፍ ይቻላል። ፈዋሹን መረጠችው። ጌሙ «በእርግጥ ከዚህ ሰው ጋር ትለያያላችሁ?» ብሎ ጠየቀ፤ ከሥሩ «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ምርጫዎች አሉ።

«አዎ»ን ተጫነች። ነጩ ነጥብ ወደ ምድጃው ዳር ሄዶ ቆመ።

«ምግብ አለበት ቤቱ?» አለች እናቲቱ።

«አለበት እማማ።»

ሦስቱ ተመለሱ። ተራራውን ወጡ፣ ዋሻው ውስጥ ገቡ። ችኮላ የብረቱን በር ቁልፍ ከፈተ፤ ከበሩ ወዲያ ያሉት የድንጋይ ዘቦች ከየግድግዳው እየተላቀቁ መጡ። ሁሉ ነገር ቀጥ አለ። የመጀመሪያው ተራ የቁልፍ ከፋቹ ነበር።

ችኮላ ኪቦርዱን መታው። ደግሞ መታው። በጣቱ ሳይሆን በመዳፉ ማለት ይቀላል።

«ምነው አይንቀሳቀስም? ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም» አለችው ሴትዮዋ። «አንተን ነው የሚጠብቀው።»

«ምን እንድለው ነው?»

«የምታደርገውን ንገረው። እስክትነግረው ቀኑን ሙሉም ቢሆን ይቆማል።»

ችኮላ እጁን አነሣ። ስክሪኑን አየ። ዘቦቹ ዱላቸውን እንደ ሰቀሉ ናቸው፤ ብረት ለባሿም እንደቆመች ናት፤ የሚሮጥ ነገር የለም፣ የሚያመልጡት ነገር የለም። ኮምፒውተሩ ብቻ ያጉረመርማል። ችኮላ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ንግግር አልነበረም። የሞተር ቆቡ ከጭኑ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ በቀብሩ ዕለት ድንኳን ሲተክል፣ ወንበር ሲያመላልስ፣ ለሰው ውሃ ሲያድል ያላለቀሰውን ሁሉ አለቀሰ።

«ምን ልበለው?» ይል ነበር በመሃሉ። «እትዬ፣ ምን ልበለው?»

ሴትዮዋ አየችው። የእሷም ሊመጣ ነው ብላ ጠበቀች፤ ምንም አልመጣም። ወንበሯን አስጠግታ መዳፏን ማጅራቱ ላይ አሳረፈች። ይሞቅ ነበር፤ ፀጉሩ ቆብ የተጫነው፣ በላብ የረጠበ። እናቲቱ የነጠላዋን ጫፍ ሰበሰበችና የልጇን አፍንጫ እንደ ሕፃን ጠረገችው። «ዛሬ ገና ተቀመጠ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ያን ያህል ጊዜ ሁሉ ዘቦቹ አልነኳቸውም።

ሲበርድለት ሴትዮዋ ቀስ ብላ ጠየቀችው፦ «ትመታለህ ወይስ ከእማማ ኋላ ትሆናለህ?»

አፍንጫውን ሳበ። «ምን ይሻላል ትያለሽ?»

«እኔ እንጃ። አንተ ነህ የምታውቀው።»

አሰበ። በዕድሜው ሙሉ አስቦ የማያውቀውን ያህል አሰበ። «ኋላ ልሁን» አለ። «አንቺ እሳቱን ወርውሪ።»

ወረወረች። ብረት ለባሿ ከፊት ሆና አንዱን ዘብ ጣለች፣ ሁለተኛው ግን እሷን ጣላት። የሚያክማት አልነበረም።

«ወደቅሁ እንዴ?» አለች እናቲቱ።

«ወደቁ እማማ።»

«አንዱን ግን ጥያለሁ?»

«ጥለዋል።»

«ይበቃል። እናንተ ሽሹ።»

ሸሹ። ሁለቱ ነጥቦች በብረት በሩ ወጥተው ከዋሻው አፍ ሲደርሱ ሴትዮዋ ጌሙን እዚያው ላይ አቆመችው። ቀኑ ገና ብሩህ ነበር፤ ከውጭ የጎረቤት ልጆች ኳስ ግድግዳ ላይ ሲያነጥሩ ይሰማል። ችኮላ ፊቱን ታጥቦ ተመለሰ፣ ቆቡን አነሣ፣ ግን አልወጣም። በሩ ላይ ቆሞ ማሰሪያውን ያፍተለትላል።

«የኔን ማሽን ልውሰደው ወይስ ይቆይልሽ?»

«ይቆይ» አለችው። «እሱንም እጫወተዋለሁ።»

«እሑድስ ልምጣ?»

መምጣቱ ደስ ይላት እንደሆን ራሷን ጠየቀች፤ አላወቀችውም። ያም ሆኖ መልሱ የቱ እንደሆነ ታውቅ ነበር።

«ና» አለችው። «እናትህን እዚያ ዋሻ ውስጥ ትተናቸው እንዴት እንቀራለን?»