አባቴ አይፈቅድልኝም

እና እውነቱን አሁን ብትናገርስ፣ አይ፣ አሁን ማን ያምናታል፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ብሪት እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች፣ ባልደረባዋም አጠገቧ፣ አይዞሽ ሮናክ፣ እዚህ ማንም አይሰማንም፣ በመስታወቱ ማዶ አባቷ የአውቶቡስ ሹፌር ልብሱን እንደለበሰ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል፣ ከሥራ አስጠርተውት ነው፣ ምን አጠፋሁ የሚል ፊት።

አንዲት ውሸት ናት። አንዲት።

ያን ሳምንት ቴሌቪዥኑ ሌላ ወሬ የለውም፣ የቤተሰብ ክብር አዋረድሽ ብሎ ወንድሟ የገደላት ልጅ፣ ክብር፣ ክብር፣ ከረባት ያሰሩ ሰዎች እነዚህ ሙስሊሞች ከእኛ ከስዊድኖች ጋር መኖር ይችላሉ አይችሉም እያሉ ይከራከራሉ፣ እነዚህ ማለት እኮ አባቷ ነው፣ የልጅቷን ፎቶ አይቶ ወይኔ ልጄን ብሎ ያለቀሰው፣ ክፍል ውስጥ መምህርቷ ሮናክ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ ስትላት ሃያ አራት ራስ ዞረ፣ ምን ትበል፣ በማግስቱ የበረዶ ሸርተቴ ጉዞው የፈቃድ ወረቀት ተጠየቀ፣ ሦስት ሌሊት ከእነ ኤልሳ ጋር አንድ ክፍል፣ አረማመዷን እያስመሰሉ ከሚስቁባት ጋር፣ ፈራች፣ ፈራሁ ማለትንም ፈራች፣ አባቴ አይፈቅድልኝም አለች፣ ተገላገለች፣ ለምን ያለ የለም፣ መምህርቷ እጇን ይዛ ገባኝ የኔ ቆንጆ፣ ምኑ ነው የገባት? ወዲያው ለማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ደወለች።

አባቷ እኮ ወረቀቱን ከፈረመ ሰነበተ፣ ወፍራም ጓንት ገዝቶላት፣ ሳሎን ውስጥ በካልሲው እየተንሸራተተ፣ እዪኝ፣ የኩርዶች ሻምፒዮን፣ ሶፋው ላይ ዘጭ።

እኔ ነኝ የዋሸሁት፣ አባቴ ፈቅዶልኝ ነበር፣ ወጣላት፣ ብሪት ራሷን ነቀነቀች፣ የኔ ውድ፣ እሱን ለማዳን ብለሽ መዋሸት የለብሽም፣ እንዲህ በይ ያለሽ ማነው፣ ማንም፣ ወንድም አለሽ፣ የለኝም፣ አጎትስ፣ ብትናገር ይጽፋሉ፣ ዝም ብትል ይጽፋሉ፣ እንባ፣ አሁን አይደለም፣ በአላህ አሁን አይደለም፣ መጣ።

አባቷ አየ። ይነሳል፣ ጥበቃው እጁን ይዘረጋል፣ ቁጭ በል፣ አይቀመጥም፣ በሩን ይደበድባል፣ ልጄን ምን አደረጋችኋት! በአሥራ አራት ዓመት ዕድሜዋ አንድ ቀን እንኳ ሰምታው የማታውቀው ድምፅ፣ አባዬ ዝም በል፣ በናትህ ዝም በል፣ ከአፏ አይወጣም፣ ብሪት ወደ ባልደረባዋ ዞራ ቀስ ብላ፣ አየሽው? አየሁት፣ ዛሬ ወደ ቤት አትመለስም፣ እና እሱ አሁንም ይጮኻል፣ ስሟን፣ ስሟን ብቻ፣