በረዶ የመታው ብርድ ልብስ

ሃርሊ ፕሩት መነጽሩን ካወለቀ ነገር አለ ማለት ነው። ይህን በሃርጊስ ከተማ የማያውቅ የለም። ሃርሊ የቴሌቪዥኑ የአየር ትንበያ ሰው ነው፤ የምዕራብ ኦክላሆማን ደመና እንደ ጎረቤት ከብት ለይቶ ያውቃል። ክራቫቱን ሲያላላ ሰው ሥራውን አይተውም። እጅጌውን ሲሰበስብ የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ ይለቀማል። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠ ግን ድስቱም ከእሳት ይወርዳል፣ ሰውም ወደ መሸሸጊያ ጉድጓዱ ይወርዳል።

ከመውረዱ በፊት ግን በረንዳ ላይ ይወጣል። ይሄ የአገሩ በሽታ ነው፣ ምን ይደረግ! የማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲጮህ ሌላው አገር ሰው ይሸሸጋል፤ ሃርጊስ ላይ ግን ወንዱ ሁሉ እጁን ኪሱ ከትቶ በረንዳ ላይ ቆሞ ሰማይ ያያል። «ወደ ሰሜን ያለፈ ይመስለኛል» ይላል አንዱ። «ኧረ የለም፣ እየዞረ ነው» ይላል ሌላው። ሴቶቹ ከውስጥ ይጮኻሉ፤ ትንሽ ቆይተው እነሱም ወጥተው ያያሉ።

ጊዜው ግንቦት ነው፤ ስንዴው ሊታጨድ የደረሰበት፣ ከሰዓት በኋላ። ቨርሊን የበቆሎ ዳቦዋን ምድጃ ውስጥ ከታ ቴሌቪዥኑን በጆሮዋ እየሰማች ዕቃ ታጥባለች። መስኮቷ ክፍት ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ከታላቅ እህቷ ከኒኦማ መስኮትም ያው የሃርሊ ድምፅ ይመጣል። ሁለቱ ከተኳረፉ ስድስት ዓመታቸው ነው። በነዚያ ዓመታት አብረው ያደረጉት ነገር ቢኖር ያንን ሰውዬ በየመስኮታቸው መስማት ብቻ ነው።

የጠቡ ምክንያት ብርድ ልብስ ነው። አዎ፣ ብርድ ልብስ። ግን ዝም ብሎ ብርድ ልብስ አይደለም፤ እናታቸው ከቤቱ ሰው አሮጌ ልብስ እየቆረጠች፣ ቁራጭ ከቁራጭ እየገጠመች ብዙ ክረምት የሰፋችው ነው። የአባታቸው ሰማያዊ ሸሚዝ እዚያ አለ። የኒኦማ የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ቀሚስ፣ ቢጫው፣ እዚያ አለ። እናትየው በሞተች በዓመቱ ሃርሊ የበረዶ ማስጠንቀቂያ አነበበ። በዚያ አገር በረዶ ሊወርድ ነው ሲባል ጋራዥ የሌለው ሰው ፍራሽም ይሁን ምንጣፍ፣ እጁ የገባውን ሁሉ ሮጦ መኪናው ላይ ያለብሳል። ቨርሊን ያኔ አዲስ መኪና ገዝታ በደስታ ሰክራለች። ሳጥኑን ከፈተች፣ ከላይ ያገኘችውን አፈፍ አድርጋ ወጣች፣ መኪናዋን አለበሰች። በረዶው ሲያባራ መኪናዋ ጭረት እንኳ አልነካትም። ብርድ ልብሱ ግን ብጥስጥሱ ወጥቶ ነበር።

ኒኦማ መጥታ ጭቃው ውስጥ ተንበርክካ ቁርጥራጩን እየለቀመች አለቀሰች። ያኔ ቨርሊን «ጥፋቴ ነው፣ እትዬ» ብትል ነገሩ እዚያው ባለቀ። ያለችው ግን «ምን ያስለቅስሻል? ብርድ ልብስ እኮ ነው!» ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ኒኦማ ቁርጥራጩን ታቅፋ መንገዱን ተሻገረች፤ ከዚያ ወዲህ ተመልሳ አልመጣችም።

ችግሩ ጉድጓዱ ያለው በቨርሊን ግቢ መሆኑ ነው። አባታቸው በእጁ ቆፍሮ፣ በድንጋይ ገንብቶ፣ የብረት በር የገጠመለት የማዕበል መሸሸጊያ፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚገባበት። የኒኦማ ቤት ደግሞ በመኪና ተጎትቶ መጥቶ የተቀመጠ፣ መሠረት የሌለው የቆርቆሮ ቤት ነው። ዐውሎ ነፋስ መጀመሪያ የሚጎበኘው እንዲህ ያለውን ቤት ነው። ኒኦማ ግን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ «የእሷ ጉድጓድ የምገባው ሞቼ ነው!» ብላ ጨርሳለች። መኪና የሚጠግነው ጎረቤታቸው ደልበርት «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብሎ ቢተርትባት፣ በዚያ ዓመት የምእመናን ምሳ ላይ ከሠራችው ኬክ ቁራሽ ነፈገችው።

ስለዚህ ሃርሊ ገና ክራቫቱን ሲያላላ ኒኦማ ሰማያዊ መኪናዋን አስነስታ ከተማ ወዳለው የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ትሄዳለች። ቨርሊን ደግሞ ሁልጊዜ መጋረጃዋን በአንድ ጣቷ ገለጥ አድርጋ ታያለች። ሰማያዊዋ መኪና ከሄደች እፎይ ትላለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ቢጠይቋትም ትክድ ነበር።

«የጥጥ መዳመጫው አካባቢ ያላችሁ፣ አልፏችኋል» አለ ሃርሊ ያን ዕለት። «ሃርጊሶች፣ አሁን የናንተ ተራ ነው። የእንቁላል መጠን ያለው በረዶ ይዟል፤ ከበረዶው ኋላ የሚሽከረከር ነፋስ አለ። እየለመንኳችሁ አይደለም። ግቡ።» መነጽሩንም አወለቀ።

ሳይረኑ ጮኸ። ቨርሊን ምድጃውን አጠፋች፣ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። ሰማያዊዋ መኪና የለችም። «ተመስገን» አለችና የባትሪ ሬዲዮዋን ይዛ ወጣች።

የደልበርት ሚስት ትዋይላ ውሻዋን ታቅፋ ስትሮጥ መጣች። ደልበርት ግን በረንዳው ላይ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል።

«ደልበርት! ደመናው አንተን ሊጠይቅ አይደለም የመጣው፣ ግባ!» አለች ቨርሊን።

«አንዴ ቆዪ ወይዘሮ፣ ጭራ ያወጣ ይመስላል።»

«ጭራውን እኔ ላውጣልህ? ና!»

ትዋይላ «ተዪው፤ ባል ሌላ ይገኛል» ብላ ወረደች። ይህን ጊዜ ደልበርት ሮጦ መጣ። የጉድጓድ ባለቤት መጨረሻ ነው የሚገባው፤ የአባታቸው ሕግ ነው። ቨርሊን ሁሉም መግባቱን አይታ ገባች፣ በሩን ሳበች፣ ሰንሰለቱን ቆለፈች።

ውስጡ እርጥብ አፈር፣ እርጥብ አፈር ይሸታል። ፋኖሱ ተለኮሰ። በመደርደሪያው ላይ የቨርሊን የኮክ ማርማላታ በየብልቃጡ ተደርድሯል፤ ደልበርት ገና ከመቀመጡ አንዱን እያገላበጠ ማየት ጀመረ። ሃርሊ በሬዲዮው መንገድ በመንገድ እየጠራ ይናገራል።

«ምስኪን ኒኦማ ቤተ ክርስቲያኑ ደርሳ ይሆን?» አለች ትዋይላ።

ቨርሊን ያልሰማች መስላ የፋኖሱን ክር አስተካከለች።

«በምኗ? መኪናዋ እኮ እኔ ጋራዥ ናት» አለ ደልበርት። «ፍሬኗን ፈትቼ ዕቃ እየጠበቅኩ ነው። የቄሱ ሚስት መጥታ ትወስደኛለች ብላኝ ነበር።»

«የቄሱ ሚስትማ ልጇ ልትወልድ ነው ብላ ጠዋት ወደ ታልሳ ሄደች!» አለች ትዋይላ።

በዚያን ዘመን ስልክ ኪስ ውስጥ አልገባም ነበር፤ ደውሎ የሚጠየቅበት መንገድ የለም። ቨርሊን መጋረጃ ገልጣ ያየችው ባዶ ቦታ ዐይኗ ላይ መጣባት። እሷ እኮ ነች «ተመስገን» ያለችው!

ተነሥታ ሰንሰለቱን መፍታት ጀመረች።

«ተቀመጪ፣ እኔ እሄዳለሁ» አለ ደልበርት።

«አንተ ብትሄድ አትመጣም። እምቢ ያለችው እኔን ነው። በሩን ያዝልኝ!»

ውጭው አረንጓዴ ሆኗል። ሰማዩ የሐብሐብ ልጣጭ መስሏል፣ ነፋሱ ቆሟል፣ ስንዴው አንድ ዘለላ እንኳ አይነቃነቅም። እንዲህ ጸጥ ሲል ነው የሚያስፈራው። መንገዱን እኩል ሳትሻገር የመጀመሪያዎቹ በረዶዎች የኒኦማን የቆርቆሮ ጣሪያ ይደበድቡት ጀመር። አንዱ ትከሻዋን፣ አንዱ ግንባሯን አገኛት።

ኒኦማ የት ብትገኝ ጥሩ ነው? በረንዳ ላይ! እጇን አጣጥፋ፣ ሰማይ እያየች። ያ በሽታ እሷንም አልማረም።

«ምን ሆንኩ ብለሽ መጣሽ?» አለች።

«ጉድጓድ ግቢ።»

«ሞቼ ነው ብያለሁ።»

«እሱማ እየመጣልሽ ነው፣ ዞር ብለሽ እዪው!»

«መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ፍራሽ ደርቤ እተኛለሁ። የሰው ጉድጓድ አያስፈልገኝም።»

«ቤቱ ሲሄድ እኮ ገንዳውን ለአንቺ ትቶ አይሄድም!»

«ይሂዳ! ምን አገባሽ?»

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ ይቺ ሴት ምላጩን ከነማሸጊያው ነበር የምትውጠው። ቨርሊን ስድብ መጣላት፣ ዋጠችው። ከዚያ ስድስት ዓመት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ የኖረው ነገር በራሱ ጊዜ ወጣ።

«እትዬ» አለች። እንዲህ ብላ ጠርታት አታውቅም፣ ከዚያ ቀን ወዲህ። «ጥፋቴ ነው። የእማዬን ብርድ ልብስ ቆርቆሮ ላይ አለበስኩት። ሳስበው እንቅልፍ ይነሣኛል። ያን ዕለት ልልሽ ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ፤ በማግስቱ ልልሽ ነበር፣ አፈርኩ፤ ከዚያ ዓመቱ ሄደ። ባትምሪኝም አትማሪኝ። ግን ካልገባሽ እኔም አልገባም።» ይህን ብላ በረንዳው ላይ ካለው የኒኦማ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

በረዶው እየወፈረ፣ ሣሩ ላይ እየነጠረ፣ ሣሩን ነጭ እያደረገ ነው። ከደቡብ ምዕራብ የሆነ የሚያጉረመርም ድምፅ ይመጣል። ኒኦማ የእህቷን ግንባር አየች።

«ደምተሻል እኮ፣ ደደብ!» አለችና ዘወር ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

ቨርሊን ገንዳው ውስጥ ልትተኛ የገባች መሰላት። አለቀ ብላ ዐይኗን ጨፈነች። ኒኦማ ግን ወዲያው ተመለሰች፤ ክንዷ ላይ ብርድ ልብሱን አጥፋ ይዛለች። ሙሉ ነው! የአባታቸው ሰማያዊ ሸሚዝ በቦታው ነው። ቢጫው ቀሚስ በቦታው ነው። ሁሉም ቁራጭ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ በደቃቅ ስፌት ተያይዟል። ኒኦማ ስድስት ዓመት የሰፋችው ያንን ነበር።

ዘረጋችና የራሷንም የቨርሊንንም ራስ ልትሸፍንበት ወረወረችው።

«ኧረ በጌታ ተዪ!» ጮኸች ቨርሊን። «ይሄማ አይሆንም! ሌላ ፈልጊ፣ ይቀደዳል!»

«ራስሽን አግቢ።»

«እትዬ፣ ይቀደዳል ስልሽ! ገና ሰፍተሽው!»

«ብርድ ልብስ እኮ ነው!» አለች ኒኦማ፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ። «ነይ፣ እንሩጥ።»

ተቃቅፈው ሮጡ። በረዶው ከላይ ድብ ድብ ይላል፤ ቨርሊን የቀድሞው ስፌት ሲተረተር በጆሮዋ ትሰማለች። ነፋሱ ቀሚሳቸውን ይጎትታል። ደልበርት የብረቱን በር በሁለት እጁ ሙጥኝ ብሎ «ቶሎ በሉ! ቶሎ በሉ እናንተ ግትሮች!» ይላል። በሩ ጋ ሲደርሱ ቨርሊን እህቷን ገፍታ አስገባች፣ ተከትላ ዘለለች፣ ሰንሰለቱ ተቆለፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም በደንብ መናገር አይችልም። ባቡር በላያቸው ያለፈ መሰላቸው። ትዋይላ ጸለየች፣ ውሻው አላዘነ፣ ብልቃጦቹ ተንቀጫቀጩ። ኒኦማ የቨርሊንን እጅ ይዛ ነበር፤ ካለፈም በኋላ አልለቀቀችውም።

ሲወጡ ፀሐይ ወጥታለች። የቨርሊን ቤት ጣሪያው ግማሽ ተገሽልጧል፣ ግን ቆሟል። የኒኦማ ቤት ከነመታጠቢያ ገንዳው ሄዶ ስንዴው መሐል ተገልብጧል። ኒኦማ ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። ቨርሊን ምን ብላ እንደምታጽናናት ስታስብ ኒኦማ ወደ ግቢው ዞረች፤ ያኔ ብርድ ልብስ የለበሰችው የቨርሊን መኪና፣ አሁን አርጅታለች፣ ዛሬ ማንም ምንም ሳያለብሳት በረዶው ጠቅጥቋት ወንፊት መስላለች።

«ዛሬስ ምን አለበስሻት?» አለች ኒኦማ። ከዚያ ሳቀች። ቨርሊንም ሳቀች፤ ሁለቱም እያለቀሱ ሳቁ፣ ደልበርት እስኪደነግጥ ድረስ።

«ላቃናልሽ?» አላት ቨርሊንን፣ መኪናዋን እየዞረ።

«ተዋት። እንዲህ ትሁን።»

ብርድ ልብሱን ገመድ ላይ አሰጡት። ብዙ ቦታ ተቀዷል። ኒኦማ ዳር ዳሩን እየነካካች «ዐይኔ ደክሟል፣ የመርፌ ቀዳዳው አይታየኝም» አለች። «ክር ማስገባቱን እኔ እችላለሁ» አለች ቨርሊን። የዚያን ክረምት አብረው ሰፉት፤ ኒኦማም ከዚያ ወዲህ ከቨርሊን ቤት አልወጣችም።

በዓመቱ ግንቦት ሃርሊ መነጽሩን አወለቀ። ደልበርትና ትዋይላ ወረዱ። ሁለቱ እህትማማቾች በሩ ላይ ቆመው ተያዩ።

«ግቢ እንጂ» አለች ቨርሊን። «የጉድጓድ ባለቤት መጨረሻ ነው የሚገባው።»

«እኔስ?» አለች ኒኦማ። «አባቴ የቆፈረው አይደለም? አንቺ ግቢ።»

«አንቺ ታላቅ ነሽ፣ ግቢ!»

«ታላቅ ስለሆንኩ ነዋ መጨረሻ የምገባው!»

ከታች ደልበርት፣ አንዱን የማርማላታ ብልቃጥ ከፍቶ፣ አፉ ሞልቶ፣ «ኧረ እባካችሁ ተቃቅፋችሁ ግቡና በሩ ይዘጋ!» አለ።

ተቃቅፈው ገቡ።