የሄቲ ፓስክ እጅ

ሄቲ ፓስክ ኩሬ ገብታ አልሞተችም። ቤሪል ተትል ይህቺን አንዲት ነገር ለኦትሊንግ መንደር ሰው ለማስረዳት ሠላሳ አንድ ዓመት ለፍታለች፤ የሰማት የለም። ሄቲ የሞተችው አርጅታ፣ በገዛ አልጋዋ ላይ፣ ደረቷን አሟት ነው። ያን ጊዜ ቤሪል አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ የመጨረሻዋን ውኃ በማንኪያ ያጠጣቻት እሷ ነች። አያቷ ነበረቻ።

መንደሩ ግን ገና በመጣ ቁጥር ያሰጥማታል።

ነገሩን ያመጣው የትልቁ ቤት ጌታ፣ ሟቹ ላዮኔል ዴንሻም ነው። ሰውየው በዕድሜው አንዲት ካልሲ አጥቦ አያውቅም፤ ስለ ልብስ አጣቢ ግን የሙት መንፈስ ታሪክ ጻፈ። ታሪኩ አጭር ነው። ሄቲ ፓስክ የምትባል የትልቁ ቤት አጣቢ አባቱ ያልታወቀ ልጅ ትወልዳለች። በገና ዋዜማ ሕፃኑን ልብስ በሚቀቀልበት የመዳብ ጋን ውስጥ ትከተዋለች። አንሶላዎቹን ገመድ ላይ ታሰጣና ወፍጮው ኩሬ ገብታ ትሰጥማለች። ከዚያ ወዲህ በየገናው ዋዜማ ትመጣለች። መጀመሪያ የሳሙና ሽታ ይመጣል። ቀጥሎ ጠብ ጠብ የሚል ውኃ። ከዚያ የበሩ መቀርቀሪያ ቀስ ብሎ ይነሳና ቆዳው የተላጠ ቀይ እጅ በበሩ ጠርዝ ይገባል። እጁ ብቻ።

ሰው የሚወደው ይህንን ነው። ሬዲዮ መጣ፣ ቴሌቪዥን መጣ፣ ስንቱ ጉድ መጣ፤ እጁ ግን አልተሰለቸም። ከኖሪች ከተማ ድረስ መኪና ነድተው የሚመጡ አሉ። በዋዜማው ከቀትር በኋላ በአሥር ሰዓት፣ የዚያ አገር የክረምት ቀን አጭር ነውና ውጭው ሲጨልም፣ የመንደሩ አዳራሽ መብራት ይጠፋል፤ አንድ ሻማ ይበራል፤ የላዮኔል ልጅ ኦብሪ ዴንሻም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የአባቱን ታሪክ ያነባል። «እጅ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ በጨለማው ውስጥ በሊጥ የተሞላ፣ ቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ቀይ የላስቲክ ጓንት ከጭን ወደ ጭን ይተላለፋል። ሴቱ ይጮኻል፣ ወንዱ ይስቃል፣ የዘቢብ ኬክ የጎረሰው ትን ይለዋል። ከዚያ በዚያው እጃቸው፣ ሊጥ በነካው፣ ሌላ ኬክ ያነሳሉ።

ያንን ጓንት በሊጥ የምትሞላው ደግሞ ቤሪል ነበረች። የአዳራሹን ማድ ቤት ይዛ የኖረች እሷ ስለሆነች ሥራው የእሷ ነው። በየዓመቱ የአያቷን ጣቶች አንድ በአንድ ትጠቀጥቃለች፤ በየዓመቱ ምራቋ ይመራታል።

እውነቱ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን በገና ቀን ትልቁ ቤት ያደረ አንድ እንግዳ ዝይውንና ወይኑን አንሶላው ላይ አስመለሰው። የላዮኔል ሚስት ቫዮሌት ሄቲን ጠርታ አንሶላውን አሁኑኑ አጥበሽ አስጪ አለቻት። ሄቲ እምቢ አለች። በዚያ አገር በገና ሰሞን የታጠበና የተሰጣ አንሶላ ለቤቱ ሰው መገነዣ ይሆናል ይባላል፤ እጇን ቢቆርጧት የምታሰጣ አጣቢ አልነበረችም። ላዮኔል ይህን እንኳ አያውቅም፤ የሚያጥብ ሰው ያንን በዋዜማ የተሰጣ አንሶላ ቢያነብ ከት ብሎ ይስቃል። ቫዮሌት በዚያው ዕለት በዝናብ አባረረቻት። ሄቲ አሥራ አንድ ማይል በእግሯ ሄዳ እህቷ ቤት ገባች፣ አገባች፣ የቤሪልን እናት ወለደች። በቃ። የተቀቀለ ሕፃን የለም፣ ኩሬ የለም። እጆቿ ቀልተው ነበር፤ የሃያ ዓመት የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ያቃጠላቸው እጆች ከመቅላት በቀር ምን ይሆናሉ።

ቤሪል አንድ ጊዜ ኦብሪን ፊት ለፊት ጠይቃው ታውቃለች።

«ሚስተር ዴንሻም፣ ታሪኩን አይንኩት፤ ስሟን ብቻ ያውጡልኝ።»

«ቤሪል፣ ይሄ እኮ የቆየ ነገር ነው» አላት። «የቆየ ነገር አይነካም። አንዲት ቃል ከመዘዝሽ ይፈርሳል።»

«ሰጥማ ከሞተች እናቴን ማን ወለዳት ታዲያ?»

ኦብሪ ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። «እሱማ ይበልጥ ያሳምረዋል» አለ።

በሚቀጥለው ገና፣ ማንበብ ከመጀመሩ በፊት፣ ወደ አዳራሹ የሚከፈተውን የማድ ቤቷን መስኮት በጣቱ እያሳየ «ዛሬ ሻይ የምትቀዳላችሁ የሄቲ ፓስክ የልጅ ልጅ ናት» ብሎ ተናገረ። አጨበጨቡ። ከሕዝቡ አንዱ እጇን ካላየሁ አለ። ቤሪል የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ በዚያ ዓመት ያን ኬክ መቅመስ አልቻለችም።

ከሁሉ የሚያስጠላት ግን ሌላ ነበር፤ ለማንም ያልነገረችው። በየዓመቱ፣ ልክ መቀርቀሪያው ሲነሳ፣ የእሷም የማጅራት ፀጉር ይቆማል። እያወቀች። ውሸት መሆኑን ከማንም በላይ እያወቀች፣ የምታጥበውን ሳህን ይዛ ወደ መስኮቱ ጠጋ ትላለች፤ ጆሮዋ አንዲት ቃል እንዳያመልጠው። ሲያልቅ ራሷን ትታዘባለች።

ነገሩ የሆነበት ዓመት ሲመጣ ቤሪል ሃምሳ አራት ዓመቷ ነበር። በዋዜማው ከጓደኛዋ ከጆይስ ጋር ማድ ቤት ሆነው ወይኑን ከቅመም ጋር ጥደው ጓንቱን ያዘጋጃሉ።

«ዘንድሮ ሊጡን ላላ አድርጊው» አለች ጆይስ። «አምና እንጨት ነው የመሰለው። ሲጨብጡት መላሸቅ አለበት።»

«አንቺው አላሽቂው።»

«ምነው እመቤት፣ በበዓል ቀን ኮመጠጥሽ?»

«ጆይስ፣ የማን እጅ ነው ይሄ?»

«የጓንት ነዋ።»

«የማን ነው አልኩሽ።»

ጆይስ በረጅሙ ተነፈሰች። «አንቺ ደግሞ በየዓመቱ። አያትሽ ብትኖር ራሷ ትስቅ ነበር።»

«አያቴን አታውቂያትም።»

«ማን ነው የማያውቃት? አገር ያውቃታል።»

ቤሪል ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተና ኦብሪ ዴንሻም ገባ፤ አንገቱ በሻርፕ ተጠቅልሏል፣ አፍንጫው ቀልቷል። አፉን ከፈተ፤ የወጣው እንደ ተበሳ ወናፍ ያለ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ድምፁ ተዘግቷል። በአዳራሹ ሰማንያ ሰው ተቀምጧል፤ ቄሱ በሌላ መንደር ነው፤ የሚያነብ የለም።

«እንበትናቸዋ» አለች ጆይስ። «ወይኑን ጠጥተው ይሂዱ።»

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች ቤሪል።

ሁለቱም ዞረው አዩዋት። ኦብሪ በሹክሹክታ «አንቺ? ንባብሽ እንዴት ነው?» አላት።

«ከትምህርት ቤት የወጣሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ደህና አድርጌ አላነብም። ግን በቃሌ ነው። በዚች መስኮት ሠላሳ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።»

«ሦስተኛው ገጽ እንዴት ይጀምራል?»

ቤሪል ተወጣችው። ነጠላ ሰረዙ ጋ ሳይቀር ቆመች። ኦብሪ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ክንዷን ያዝ አደረገና «አየሽ?» አላት በዚያ በተበሳ ድምፅ። «የቆየ ነገር ማለት ይሄ ነው። የሚጠላውን ሰው እንኳ ይይዘዋል።»

እውነቱን ነው። ያስጠላትም እሱ ነው፤ እውነቱን መሆኑ። ክንዷን በሽርጧ ጠረገችው።

«ቃል በቃል ነው፣ ቤሪል» አላት። «አደራ።»

መብራቱ ጠፋ። ቤሪል ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ መጽሐፉን ለወጉ ያህል ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ኦብሪ ከፊት ረድፍ፣ በትሩን በጉልበቱ መሃል አድርጎ፣ እንደ ሕፃን ፈገግ ብሎ ተቀምጧል። ክረምቱን ተናገረች፣ ትልቁን ቤት ተናገረች፣ ከማጠቢያ ቤቱ የሚወጣውን እንፋሎት ተናገረች። ድምፅዋ ሻካራ ነበር፤ ሰዉ ግን ገና በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ጸጥ አለ። ከዚያ የአጣቢዋ ስም ቦታ ደረሰ።

ቤሪል ስሙን ሳትጠራ ቀና አለች። ከኋላ አንድ ሰው ጉንጩ የሞላ ኬክ ሲያላምጥ ይሰማታል፣ ቻም ቻም። የፊተኛይቱ ሴት እጇን ለጓንቱ አዘጋጅታ ጭኗ ላይ ከፍታለች።

«በዚያ ቤት» አለች ቤሪል፣ «ቫዮሌት ዴንሻም የምትባል አጣቢ ነበረች።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ የተሳሳተች መስሏቸው። ኦብሪ ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ፤ መጥፋት እንዳለበት ረስቶ። ቤሪል ሌላ ምንም አልለወጠችም። ቃል በቃል ሄደች። ቫዮሌት ዴንሻም ቀሚሷን ሰብስባ የጋኑን እሳት ስትቆሰቁስ፣ ቫዮሌት ዴንሻም አባቱ ያልታወቀ ልጅ ስትወልድ። ይህኛው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ቫዮሌት አንድ ልጅ ብቻ እንደነበራት፣ እሱም ፊት ለፊቷ እንደተቀመጠ ትዝ ያላት። አልመለሰችውም።

ኦብሪ ብድግ አለ። አፉን ከፈተ፤ «ሀህ» ብቻ ወጣ። በትሩን ወለሉ ላይ መታ፣ ደግሞ መታ። ሰዉ የትረካው ክፍል መሰለው።

«ደግ ነው ዘንድሮ» አለ አንዱ ከኋላ። «በሩን ሊያንኳኳ ነው።»

«ዝም በል እስቲ፣ እንስማበት።»

መቀርቀሪያው ተነሳ። እጁ ገባ። ጓንቱ ከጭን ወደ ጭን ሄደ፤ ጩኸቱ ከአምናው ባሰ። ቤሪል የራሷም የማጅራት ፀጉር ሲቆም ተሰማት፣ እንደ ሁልጊዜው። ስሙ ቢቀየርም አንዲት ፀጉር ሳትቆም አልቀረችም። እጁ ኦብሪ ጭን ላይ ሲደርስ አላሳለፈውም፤ እንደያዘው ተቀመጠ፤ ሊጡ በጣቶቹ መሃል ወጥቶ ሱሪው ላይ ተንጠባጠበ።

መብራት ሲበራ ቆመው አጨበጨቡ። ከኖሪች የመጣች አንዲት ሴት ማድ ቤት ድረስ ተከትላት መጥታ «ውዴ፣ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም» አለቻት፤ አፏ ዙሪያ ስኳር አለ። ከስሙ አንድም ነገር ያስተዋለች አትመስልም። ቤሪል ኬኩን ይዛው ትሂድ ብላ ሳህኑን ሰጠቻት።

ከዚያ ኦብሪ ገባ። ጆይስ አየችውና ጽዋዎቹን ልሰብስብ ብላ ሹልክ አለች።

«እናቴ ነበረች» አለ፤ በጭንቅ።

«አውቃለሁ።»

«በሰው ፊት። በሰማንያ ሰው ፊት።»

«የእኔዋ በሰው ፊት ስትነበብ ስልሳ ዓመት ሆናት፣ ሚስተር ዴንሻም። ይቀመጡ፤ ሱሪዎት ሊጥ ነው።»

ተቀመጠ። ቤሪል ጨርቅ አቀበለችው፤ ራሷ አልጠረገችለትም። ለረጅም ጊዜ ጉልበቱን አሸ።

«ታሪኩ ፈረሰ?» አለችው።

ከአዳራሹ የሰዉ ሳቅ ይሰማል፤ ሰው ሰውን በቀይ ጓንት እያሳደደ ነው። ኦብሪ ወደዚያ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ፤ አልፈረሰም ማለቱ ነው።

ቤሪል ያልታጠቡትን ሳህኖች በክንዷ ገፋ አድርጋ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ከፈተችው። ደህና አድርጋ ባታነብም የአያቷን ስም ታውቀዋለች፤ በመቃብሯ ድንጋይ ላይ ተጽፎ ስንት ጊዜ አይታዋለች። ከመሳቢያው የገበያ ዝርዝር የምትጽፍበትን እስክሪብቶ አወጣች። ኦብሪ እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ ወደ ጭኑ መለሰው።

ሄቲ ፓስክ የሚለውን የመጀመሪያውን ሰረዘች። ሁለተኛውን ሰረዘች። በምትኩ ማንንም አልጻፈችም። እየቆጠረች ሄደች፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ እየደጋገመች፤ የወይን ጭላጭና የቅቤ ሽታው አፍንጫዋ ውስጥ ገብቶ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ቀለሙ አለቀባት። እስክሪብቶውን ጣለችና ያንን በጥፍሯ ፋቀችው።