ጎረቤት ያልመታው ምስማር

ውል ጻፊው በሥራ ዘመኑ የሽያጭ፣ የኪራይና የሽርክና ውል ሲጽፍ ኖሯል። ልጅ አባቷን በደመወዝ እንድትጦር የሚል ውል ግን እጁ ገብቶ አያውቅም። ስለዚህ ሾፌሩ ወንድምና ልብስ ሰፊዋ እህቱ ጠረጴዛው ፊት ሲቀመጡ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ሁለቱንም አያቸው።

«ከፋዩ እኔ ነኝ» አለ ሾፌሩ። «ኑሮዬ መንገድ ላይ ነው። እሷ አባባን ለመጠበቅ ብላ ከስፌቷ ከቀረች ሦስት ወሯ። ክፍያው አይቆጨኝም፤ የምትሠራው ነገር ግን ይጻፍልኝ። በሄድኩ ቁጥር አባባ ‹እኔ ምን ጎደለብኝ?› ነው የሚለኝ።»

«ምን ምን ትሠሪያለሽ ልጄ?»

ልብስ ሰፊዋ ለመቁጠር ጣቶቿን ዘረጋች። አንዱን አጠፈችና ግራ ገባት።

«እንጃ። ሁሉንም ነዋ!»

«ሁሉንም የሚባል አንቀጽ የለም።»

«እንግዲያው ሰኞ ሥራዬ ልመለስ። አሠሪዬ ቦታዬን እስከ ሰኞ ነው የምትጠብቅልኝ። አባባም ብቻውን ይዋላ!» አለችና ፊቷን አዞረች።

ነገር በዓይን ይገባል። ውል ጻፊው ራሱ ሄዶ እያየ ሊጽፍ ተስማሙ።

በማግስቱ ጠዋት አባትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። መጋዙን ከሰቀለ አምስት ዓመት ያለፈው አናጢ ነው።

«የማልችለውን ልትቆጥር የመጣኸው አንተ ነህ?»

«ልጅዎ የምትሠራውን ልጽፍ ነው።»

«ያው ነው። ተቀመጥና እይ።»

አናጢው ሸሚዙን ለበሰ፤ ራሱ ቆለፈ። ተነሳ። ያለ ከዘራ እስከ ጠረጴዛው ሄደ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከፔርሙሱ ሻይ ቀዳ፤ ጠብታ አልፈሰሰም። ልጁ አንድ እርምጃ ወደ እሱ በቀረበች ቁጥር «አንቺ አርፈሽ ቁሚ!» ይላታል። ሻዩን ጨርሶ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ጻፍ እንግዲህ!»

ወረቀቱ ባዶ ነበር። ልጅቷ በሩን ተደግፋ መሬት መሬቱን ታያለች። አባቷ በኩራቱ ደመወዟን እያስቀረባት መሆኑን አንድም ቃል አልነገረችውም።

ሌላ ሰው ቢሆን ተሰናብቶ ይሄድ ነበር። ውል ጻፊው ግን ያየው ነገር ካልገባው እንቅልፍ አይወስደውም። የአናጢውን ሸሚዝ አየ። ቁልፎቹ የካፖርት ቁልፍ ያህላሉ፤ መግቢያቸውም ሰፍቶ ዙሪያው በእጅ ተዘምዝሟል። ፔርሙሱን አነሳው፤ መጀመሪያም ከግማሽ በላይ አልተሞላም። ከአልጋው እስከ ጠረጴዛው ያለው ሣጥንና ወንበር እጅ እንዲደርስበት ተቀራርቦ ተደርድሯል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የአናጢውን ወንበር እግሮች ተመለከተ።

«ይሄን እርስዎ ነዎት የመቱት?»

«የቱን?»

«ከእግሮቹ ሥር የተመታውን ጣውላ።»

አናጢው እጁን ወደ ታች ሰደደ። ጣቱ ምስማሩን ሲያገኝ ፊቱ ተለወጠ።

«ጠማማ ነው» አለ። «ማነው በቤቴ ጠማማ ምስማር የመታው?»

«እኔ ነኝ አባባ» አለች ልጁ። «ወንበሩ ዝቅ ብሎብህ መነሳት አቅቶህ ነበር።»

«መቼ ነው የመታሽው?»

«በረንዳ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ። ጎረቤት በር እያስጠገነ ነው አልኩህ።»

«እኔም መዶሻ የማያውቅ ደንቆሮ እያልኩ ያን ምስኪን ጎረቤት ስሰድበው ከረምኩ!»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። አናጢው ግን አልሳቀም። የሸሚዙን ቁልፍ በጣቱ ዳበሰ፤ ፔርሙሱን አየ።

«ጉልበቴ የተሻለው መስሎኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

ውል ጻፊው እስክሪብቶውን አውጥቶ ጠበቀ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሚናገር ሰው ውል ያበላሻል።

«ስማ አንተ ጻፊው» አለ አናጢው በመጨረሻ። «ደህና ተደርጎ የተገጠመ በር ሲከፈት አይጮህም። እኔ የዕድሜ ልክ አናጢ፣ በሩ ስላልጮኸ ማጠፊያ የለውም ስል ነበር። በል ጻፍ። ብቻውን አይለብስም፣ ብቻውን አይነሳም፣ ብቻውን አይራመድም በል።»

«አባባ፣ እንደሱማ አይባልም—»

«ዝም በይ! አንቺ የምታውቂው ስፌት ነው። ይልቅ አንድ ግዴታ አግባልኝ፤ ምስማር ስትመታ እኔን ትጥራ። እጄ ቢደክም አፌ አልደከመ።»

ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ መጣ። ወረቀቱን አንዴ አንብቦ እንደገና አነበበው።

«ይሄ የምስማሩ ነገር ምንድነው?»

ውል ጻፊው በእስክሪብቶው ወንበሩን አሳየው። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀ።

«ኧረ በስመ አብ! እኔ እንኳ ከዚህ አሳምሬ እመታለሁ።»

«ታዲያ የት ነበርክ?» አለው አባቱ።

ሾፌሩ ከወንበሩ ሥር ቀና አለ። እስክሪብቶውን ተቀብሎ ፈረመ።