የሸዋዬ ስለት

ይስሃቅ አረቄ ይጠጣ በነበረ ጊዜ አሰላን በሙሉ አስቸግሯል። ከሚሠራበት ጋራዥ ተባረረ፣ እናቱ በር ዘጋችበት፤ ሚስቱ ሸዋዬ ብቻ ቀረችው። እሷም አንድ ቀን ሲመራት ከማርያም ሥዕል ፊት ተንበርክካ «እመቤቴ፣ ባሌን ከዚህ አረቄ ከገላገልሽልኝ፣ ለፍልሰታ በዓልሽ አንድ ጋን ጠላ አስገባለሁ» ብላ ተሳለች። እናቷም አያቷም የሚያውቁት ስለት ጠላ ነው፤ ምን ታድርግ፣ አፏ የለመደውን ተናገረ።

እመቤታችን ሰማቻት። ይስሃቅ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚሰበሰብ፣ መጠጥ ለመተው የሚታገሉ ሰዎች ማኅበር ገባ። መጠጥ ሲያምረው ለአንዳቸው ይደውላል፤ የተደወለለት ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ አብረው መቁጠሪያ ይደግማሉ። ክረምቱ ሲገባ ፊቱ ወዝ አወጣ፣ ጋራዡም መልሶ ቀጠረው።

ፍልሰታ ሲቃረብ ሸዋዬን ጭንቅ ያዛት። ስለቷን ካላስገባች የተሰጣት ይወሰድባታል ብላ ፈራች። ለማንም ሳትናገር ጌሾ ወቀጠች፣ ጋን አጠነች፣ ጓዳ ውስጥ ጠነሰሰችና በብርድ ልብስ ሸፈነችው። ብርድ ልብስ የጠላ ሽታ የሚያግድ መስሏት!

ጠላው በደረሰ ሰሞን፣ ቤተሰብም በሚቀመጥበት የእሑድ ስብሰባ ላይ ይስሃቅ ተነሥቶ ቆመ።

«ትናንት ጠጣሁ» አለ።

ማኅበሩን የሚመሩት መነኩሲት ሲስተር ፅዮን «ከየት አገኘኸው፣ ወንድሜ?» አሉት።

«ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።» ሸዋዬን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ግን ሰውየው በሷ ጥፋት ሰው ፊት ሲዋረድ ማየት አንገበገባት።

«የጠጣውን እኔ ነኝ ጓዳ ውስጥ የጠመቅኩት፣ ሲስተር» አለች ብድግ ብላ። «መጠጥ እንዲተውልኝ የተሳልኩት... ጠላ ነበር።»

አንዱ ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ ቄሱ አባ ገብረ መድህን ሳይቀሩ ሁሉም ሳቁ። ይስሃቅ ብቻ አልሳቀም። ሸዋዬ ያየችው ደግሞ እሱን ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ስለት ይለወጣል» አሏት አባ። «በጠላው ፋንታ ብርዝ አምጪ። እመቤታችን አትቀየምሽም።»

የማኅበሩ ሰዎች ቤቷ ድረስ ሄደው ጋኑን ደፉላት። ይስሃቅ ሽታው እስኪጠፋ ጎረቤታቸው ራቢያ ደጃፍ ተቀመጠ። «አብሽር፣ ያልፋል» አለችው ራቢያ።

በፍልሰታ ቀን ሸዋዬ ማሩን በውኃ በጥብጣ፣ ብርዙን በጆግ ይዛ በግቢው ታድል ጀመር። ይስሃቅ ጋ ስትደርስ ብርጭቆውን ተቀበላት። ከመጠጣቱ በፊት ግን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው።

ሸዋዬ ልቧ ቁርጥ አለ። ባሏ ከእጇ የተቀበለውን እያሸተተ የሚጠጣ ሰው ሆነ፤ እንደዚያ ያደረገችውም ራሷ ናት። አሳላፊ ለእንግዳ እንደሚያደርገው ከጆጉ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ፣ እያያት ቀመሰችለት።

«ማር ብቻ ነው» አለች። እንባዋ መጣ።

«አውቃለሁ» አለ። «ግን ሁልጊዜ ቅመሺልኝ።»

ጨልጦ ብርጭቆውን መለሰላት። ሁለተኛውን ከመቅዳቷ በፊት መዳፏን ዘረጋች።