ቆመን ነው የምንጠይቀው

ጋሽ የሺዋስ ጧቱን ሙሉ ጉልበታቸውን ቅባት ሲያሹ ያረፈዱት ለመሄድ አልነበረም። ለመቆም ነበር።

የወንድማቸው ልጅ ብሩህ፣ «ጋሼ፣ ሽማግሌዎቹን እርስዎ ይምሩልኝ» ካላቸው ጀምሮ ሌላ ሐሳብ የላቸውም። አቃቂ ላይ በሽምግልና ስማቸው የተነሣው በንግግር አይደለም። ልጅ ሊጠይቁ የገቡበት ቤት «ተቀመጡ» ሲባሉ፣ «ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም» ብለው እንደ ስልክ እንጨት ይተከላሉ። በሰቃ ሠፈር የሚኖር አንድ ኩሩ አባት ምሳውን በልቶ፣ እንቅልፉን ተኝቶ ሲነሣ እዚያው ቆመው ስላገኛቸው ልጁን ሰጥቷል። ያ እንግዲህ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ፊሽካ ሠፈሩን በሚቀሰቅስበት ዘመን ነው። ዛሬ ጋሽ የሺዋስን የሚቀሰቅሳቸው የገዛ ጉልበታቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ስንት ሠርግ አለፈ፣ የላካቸው የለም። «ዛሬ ካልቆምኩ» አሉ ለራሳቸው፣ «ከእንግዲህ ለቅሶ ቤት ወንበር ማሞቅ ነው የሚቀረኝ።»

የልጅቷ ቤተሰቦች የሚኖሩት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሦስተኛው ሽማግሌ ሳሪስ የታክሲ ሰልፍ ላይ ስለቀረ ከሁለተኛው ሽማግሌ ከቀናው ጋር ሁለት ሆነው ሄዱ። ቀናው ገና አምሳ አልሞላውም፤ ሽማግሌ ያሰኘው መላጣው ነው።

«ሎኬሽኑ ስልኬ ላይ አለ፣ ጋሼ።»

«ጤፍ ሲዘራበት የማውቀውን አገር በስልክ ልትመራኝ ነው?»

ጤፉ የነበረበት ቦታ ላይ የማያውቁትን ሰው በር ደጋግመው ካንኳኩ በኋላ ለስልኩ ተገዙ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቀናው፣ «ትንሽ እንረፍ» አለ።

«አንተ ከደከመህ እረፍ» አሉ፣ የደረጃውን ብረት በሁለት እጃቸው ጨብጠው።

በሩን የከፈቱላቸው የልጅቷ አባት አቶ ሂርጳ ናቸው። ጋሽ የሺዋስ ሳሎኑ መሀል ገብተው ምርኩዛቸውን ተከሉ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«እንግዲህ አቶ ሂርጳ፣ የመጣንበት ጉዳይ…»

«እሺ ብለናል። ኧረ ቁጭ በሉ።»

«ገና አልጠየቅንም እኮ።»

«ምኑን ትጠይቃላችሁ? ልጆቹ አዳራሽ ከተከራዩ ስንት ጊዜያቸው። እኔም የሰማሁት ሱፍ ልለካ ስወሰድ ነው።»

ይኼኔ ከመጋረጃው ጎን ካሜራ የተሸከመ ወጣት ብቅ አለ። የሠርጉን ቪዲዮ የሚያነሣው ቤኪ ነው።

«ፋዘር፣ አሪፍ ነው። አሁን እሳቸው እንቢ ይበሉ፣ እርስዎ ቆመው ይለምኑ። የድሮውን ነው የምንፈልገው።»

አቶ ሂርጳ እያፈሩ «እንቢ» አሉ። ጋሽ የሺዋስ ቆሙ። ሲጠብቁት የኖሩት እንቢታ መጣ፤ የውሰት ቢሆንም እንቢ እንቢ ነው። ቤኪ ግን መብራት ያስተካክላል፣ አበባውን ከጠረጴዛው ያነሣል፣ መልሶ ያስቀምጣል።

«ትንሽ ወደ ግራ፣ ፋዘር። አሁን ደግሞ ጥላ ጣሉብኝ፣ ይመለሱ።»

ሲመለሱ ጉልበታቸው ከዳቸው። ሶፋው ተቀበላቸው።

«እሰይ፣ እንደሱ አረፍ ይበሉ» አሉ አቶ ሂርጳ ከልባቸው። ለጋሽ የሺዋስ ከዚያ የባሰ ቃል አልነበረም።

«ችግር የለውም» አለ ቤኪ። «እርስዎ ካሜራው አያይዎትም፣ ድምፅዎን ብቻ እንወስዳለን። እኚህ ይቁሙልን።»

ቀናው ምርኩዙን ተቀብሎ ቆመ። እንዲያውም ያምርበታል።

«ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም» አሉ ጋሽ የሺዋስ፣ ተቀምጠው።

ምሳ ብሉ ቢባሉ እንቢ ብለው ወጡ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ስልካቸው ጮኸ፤ ብሩህ ነው።

«ጋሼ፣ ድምፁ አልተቀዳም አለኝ ቤኪ። አንዴ ብቻ ይመለሱልኝ።»

«ልጅቷን ሰጡህ አይደል?»

«ሰጡኝ እንጂ።»

«በቃ» ብለው ዘጉት።

ቀናው ምርኩዛቸውን እንደያዘ ጥቂት ቆሞ ጠበቃቸው።

«እንውረድ እንጂ፣ ጋሼ።»

«እየወረድኩ ነው» አሉ፣ ከተቀመጡበት።