ክኒኑን ከጣልኩ ወር ሆነኝ

ፈንታ ወደ ጤና ጣቢያው አዳራሽ ብቅ ሲል መጀመሪያ ያየው የባዘዘውን ማጅራት ነበር። ባዘዘው አጎዛውን ወለሉ ላይ አንጥፎ፣ ጋቢውን አጣጥፎ ከራስጌው አድርጎ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ፈንታ በሩ ላይ ቆመ። ተመልሶ ሊወጣም ነበር። ባዘዘው ግን ዞር ብሎ አየውና ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ ባትኖር ኖሮ ፈንታ ያን ቀን ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር፤ ኋላ የመጣው ሁሉ ባልመጣ።

ሁለቱ ከሮብ ገበያ ወጣ ብላ ባለች መንደር የአንድ ወሰን ሰዎች ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት በመካከላቸው ባለች ቁራሽ የድንች መሬት ተካሰው ፍርድ ቤት ለባዘዘው ፈረደለት። ከዚያ ወዲህ ዓይንና ናጫ ሆኑ። ለቅሶ ቤት አንዱ ከገባ ሌላው ውጭ ይቀመጣል፤ ከቅዳሴ ሲወጡም በአንድ በር አይወጡም። በሽታው ግን አልለያቸውም። ሁለቱም ስልሳን የተሻገሩ፣ ሁለቱም ደም ግፊት ያለባቸው፣ ሁለቱም ክኒናቸውን ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ የሚያስታውሱ ሰዎች ነበሩ።

ወደዚህ አዳራሽ የላከቻቸው ነርሷ ዘመናይ ናት። የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ ግፊት ያለባቸውን ሰዎች የምትከታተለው እሷ ነበረች። ፈንታን ለክታው መቶ ሰማንያ በመቶ አስር ሲሆንባት፣

"ጋሼ ፈንታ፣ ክኒኑን በየቀኑ ይውሰዱ፣ ጨው ይቀንሱ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ወደ ዮጋው ይምጡ" አለችው።

"ዮጋ ምንድን ነው?"

"ሰውነትን ማፍታታትና በሥርዓት መተንፈስ ነው።"

"እኔ ስልሳ ዓመት ሙሉ የተነፈስኩት ያለ ሥርዓት ነው?"

"በቁጣ ነው የተነፈሱት መሰለኝ" አለች ዘመናይ፣ መለኪያውን ከክንዱ እየፈታች።

"የህንድ ጸሎት ነው ይሉታል።"

"ጸሎት የለበትም። ጸሎትዎን ከቤተ ክርስቲያንዎ ያድርጉ፤ እኔ ዘንድ ጀርባዎንና ሳንባዎን ይዘው ይምጡ።"

መልሷ አናደደው። ቢሆንም መጣ። አሁንም የባዘዘውን ፈገግታ አይቶ መሸሽ አልሆንልህ ስላለው አጎዛውን ከፊት፣ ልክ ከባዘዘው ትይዩ ዘረጋ።

ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በጀርባቸው ተኙ። "በአፍንጫ ወደ ውስጥ፣ እስከ አራት። አሁን ቀስ ብለን ወደ ውጭ፣ እስከ ስድስት" ትላለች ዘመናይ። ፈንታ የእሷን ቁጥር ትቶ የባዘዘውን ትንፋሽ ያዳምጣል። ባዘዘው ሲያስወጣ እሱ አምቆ ይቆያል። ዓይኑ ላይ ከዋክብት እስኪበተኑበት ታግሎ ታግሎ በመጨረሻ እንደ ወናፍ "ፉፍ" ሲል ዘመናይ ከራስጌው ደረሰች።

"ማመቅ ለእናንተ ክልክል ነው ብያለሁ። ግብግብ አይደለም የያዝነው!"

ባዘዘው ተንከተከተ። ያን ቀን የፈንታ ግፊት ሲለካ ከመምጣቱ በፊት ከነበረው በለጠ። "ይኸው፣ ዮጋሽ ጨመረብኝ" አላት።

በሳምንቱ ግን ተመልሶ መጣ፤ ቢቀር ባዘዘው "ሸሸ" ይላል። በሚቀጥለውም መጣ። ለባዘዘው ቅንጣት ታህል ላለመሸነፍ ሲል ክኒኑን በየማለዳው ዋጠ፣ ከወጡ ላይ ጨው አስቀነሰ፣ ማታ ማታ እግሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ እስከ ስድስት እየቆጠረ ተነፈሰ። በጥላቻ የጀመረው ነገር እየቆየ ሰውነቱን አላላለት። እንቅልፍ ወሰደው። ማጅራቱን ይዞት የኖረው ህመም ለቀቀው። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱ ለየኔአለም እንኳ።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ዘመናይ ለካችውና ዓይኗ በራ። "መቶ ሠላሳ ስምንት በሰማንያ ስድስት! ክኒኑንም ሳያቋርጡ፣ እንቅስቃሴውንም ሳይተዉ ስለያዙት ነው፣ ጋሼ።" የባዘዘው ግን ከመቶ ስልሳ ንቅንቅ አላለም።

ከአዳራሹ ወጥተው ፈንታ ቧንቧው ዘንድ እጁን ሲታጠብ ባዘዘው ከኋላው መጣ። በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረው ያን ጊዜ ነው።

"ወረደልህ አሉ። ስንት ክኒን ብትቅም ነው?"

ከኋላቸው የቆሙት ሳቁ። ፈንታ ቀና አለ። የክኒኑ እሽግ በኮቱ የውስጥ ኪስ ነበር፤ ጧት አንዱን ውጦ ነው የመጣው።

"ምንም" አለ። "ክኒኑን ከጣልኩ ወር ሆነኝ። ክኒን የሚቅመው መተንፈስ ያቃተው ሰነፍ ነው።"

የባዘዘው ፊት ጭምድድ አለ። ፈንታ መንገዱን ሁሉ እንደ ሙሽራ ሚዜ እየተንጎራደደ ቤቱ ገባ። ይሙት ብሎ አልተናገረም። ይኑር ብሎም አልተናገረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ቃሉ የሚሄድበትን ሄደ።

ዘመናይ ምክሯን ሳትደግም ያለፈች ማክሰኞ አልነበረችም። "ይህ ከክኒኑ ጋር ነው እንጂ በክኒኑ ፈንታ አይደለም" ትላለች፤ ሰዉ ስሙን ሲሰማ ወደ ፈንታ እያየ ይስቃል። ባዘዘው አይስቅም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱን ነክሶ ይተነፍሳል። ፈንታ ያን ጥርስ መንከስ ሲያይ ነገሩ ገብቶታል። "ኧረ ዋሽቼሃለሁ" የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። አልወጣችውም።

ፈንታ ከዋሸው በስድስተኛው ሳምንት፣ ሮብ ዕለት፣ ባዘዘው ገበያ መሀል የድንች ጆንያ ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ በዚያው ተደፋ። ሲያነሱት አፉ ወደ አንድ ወገን ዞሯል። በመኪና ደብረ ማርቆስ ወሰዱት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ፤ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን አልታዘዙትም።

መንደሩ ወሬውን ለማብሰል ጊዜ አልፈጀም። ዮጋው ነው የመታው ተባለ። ልጅቱ ትንፋሹን አዛብታበት ነው ተባለ። ከሃያው ሰው የቀሩት አምስት ብቻ ናቸው። በእድር ስብሰባ አንዱ "ያች ነርስ ናት የገደለችው፣ በቁሙ" ሲል ፈንታ ራሱን ነቀነቀና "እኔስ ከጅምሩ ብዬ ነበር" አለ። ያን ሌሊት እስከ ስድስት ሊቆጥር ቢሞክር ሦስት ላይ ትንፋሹ ተቆረጠ።

ነገሩ ሲከር የጤና ጣቢያው ኃላፊ ደመላሽ ሰዉን አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበ። የባዘዘው ሚስት የብርጓል ተነሳች። በእጇ የክኒን ፓኮ ይዛለች።

"ይኸውላችሁ። ከእህሉ ጎታ ሥር አገኘሁት፤ የስድስት ሳምንት ክኒን አንድም ሳይነካ። ባሌ ይህን የተወው ከዚህ ተምሮ ነው። ተወው ያለችው እሷ ናት!" ጣቷን ወደ ዘመናይ ቀሰረች።

"እኔ አላልኩም" አለች ዘመናይ።

ደመላሽ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ ጉዳዩ እስኪጣራ ትምህርቱ ይቆማል። እህታችንም ከሥራ ታግዳ ትቆያለች።"

ከኋላ "አበጀህ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ዘመናይ ወለሉን እያየች ነበር፤ የነጭ ጋውኗን ቁልፍ ትፈታለች፣ መልሳ ትቆልፋለች። ፈንታ እንዴት እንደተነሳ አላወቀም።

"እኔ ነኝ።"

"ምኑ?" አለ ደመላሽ።

"ክኒኑን ጣልኩት፣ ትንፋሹ በቃኝ ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። ዋሽቼው ነው። አንድ ቀን እንኳ አልተውኩም።" ከኪሱ እሽጉን አወጣና አሳየ። "እሷስ በየሳምንቱ አትተዉ ትል ነበር። ሁላችሁም ሰምታችኋል።"

የብርጓል ቀስ እያለች መጥታ ፊቱ ቆመች። እንዳትመታው ሁለት ሴቶች ክንዷን ያዙ፤ እሷ ግን እጇን አላነሳችም።

"ባሌ በክኒኑ ፈንታ የፈንታን ወሬ ነዋ የዋጠው" አለች። "በጦር ብትወጋው ምን ነበረበት? ጦር የወጋ ቢያንስ ይታሰራል።" ፓኮውን እግሩ ሥር ወርውራ ወጣች።

እገዳው ያን ዕለት ተነሳ። ሰዉ ፈንታን እንደ ቆሻሻ ዙሪያውን እያለፈ ሲወጣ እሱ በር ላይ ዘመናይን ጠበቀ። ታመሰግነኛለች ብሎ ይሁን፣ ትረግመኛለች ብሎ፣ ራሱም አያውቀውም።

"አምስት ሳምንት፣ ጋሼ ፈንታ" አለችው። "እሱ ከወደቀ አምስት ሳምንት። ሰው በመንገድ ሲሰድበኝ እርስዎ ያውቁ ነበር።"

"ጥፋቴ ነው፣ ልጄ።"

"ልጄ አይበሉኝ። ይግቡ፣ ልለካዎት።"

መቶ ሰባ ስድስት በመቶ አራት። ካርዱ ላይ ጻፈች፣ የወሩን ክኒን ሰጠችው፣ ፊቱን ሳታይ "ቀጣይ" ብላ ተጣራች።

በሳምንቱ ባዘዘው ራሱ አስጠራው። የብርጓል በሩን ከፈተችለት፤ "ግባ" አላለችውም፣ ዘወር ብቻ አለች። ባዘዘው በትራስ ተደግፎ መደብ ላይ ተቀምጧል። በግራ እጁ ከከንፈሩ የሚወርደውን ምራቅ ጠረገ። ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተ፣

"ሆን… ብለህ ነው?" አለው።

ፈንታ መንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ነበር፤ ይቅርታ፣ ካሳ፣ ሽማግሌ።

"አላውቅም" አለ።

ባዘዘው ትክ ብሎ አየው። "እኔ… አውቃለሁ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የብርጓል በሩን ይዛ ቆማ ነበር። ፈንታ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ዘመናይ ለባዘዘው ሐሙስ ሐሙስ እቤቱ ትሄዳለች፤ ወንበር ላይ አስቀምጣ ታስተነፍሰዋለች፣ የብርጓል ክኒኑን በእጇ ታስውጠዋለች፤ በክረምቱ ማብቂያ በምርኩዝ እስከ ደጃፉ መውጣት ጀምሯል። ፈንታ ማክሰኞ ማክሰኞ አዳራሹ ይመጣል። ሰዉም ቀስ በቀስ ተመልሷል። ከፈንታ ግራና ቀኝ ግን አጎዛውን የሚያነጥፍ የለም።